«አፕ» ምን ይመሰክራል? በሰፊ አካባቢ ኔትወርክ ራውተሮች ላይ ወደ መጠባበቂያ መስመር የሚደረግ ሽግግርና አወቃቀሩ

አኅጽሮት

ይህ አጭር ጽሑፍ አንድ ቅርንጫፍ ከዋና መሥሪያ ቤቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ሲቋረጥ ራውተሩ በራሱ ወደ መጠባበቂያ መስመር የሚሸጋገርበትን አወቃቀር ይመረምራል። መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ ሽግግሩ ሊመሠረት የሚገባው በኢንተርፌሱ ሁኔታ ላይ ሳይሆን መንገዱ እስከ መዳረሻው ድረስ መሥራቱን በሚያረጋግጥ ምርመራ ላይ ነው፤ ያው ምርመራ ለመጠባበቂያው መስመርም ሊደረግ ይገባል። ጽሑፉ በቀላል ስሌት የጉዳዩን ክብደት ካሳየ በኋላ በአወቃቀሩ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ስሕተቶችን ያነሣል።

የችግሩ መነሻ

ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከመመለሴ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ከቅርንጫፎቻችን አንዱ ሁለት መስመሮች ነበሩት፤ ዋናው ፋይበር፣ መጠባበቂያው ደግሞ የአራተኛው ትውልድ የሞባይል መስመር። በራውተሩ ላይ የመጠባበቂያ ትእዛዙ ያለ ስሕተት ተጽፎ ነበር። በርክክቡ ዕለት ባለሙያው ገመዱን ከራውተሩ ነቅሎ መጠባበቂያው ሲነሣ አሳየን፤ እኛም አይተን ፈረምን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለመንገድ ሥራ ጉድጓድ የሚቆፍር ማሽን ፋይበሩን ቆረጠው። ተገልጋዮች እስከ ቀትር ድረስ ተሰልፈው ሲጠብቁ መጠባበቂያው መስመር አንድም ፓኬት አላስተላለፈም። የራውተሩን ሁኔታ በስልክ እያስነበብን ስንጠይቅ የምንሰማው መልስ የዋናው ኢንተርፌስ ሁኔታ «አፕ»፣ የመስመር ፕሮቶኮሉም «አፕ» መሆኑን ነበር። በመጨረሻ ችግሩን የፈቱት የቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ «እስቲ ቢጫውን ገመድ ከራውተሩ ይንቀሉት» ብንላቸው ነቀሉት፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሥራው ቀጠለ። በራሱ እንዲሠራ ታስቦ ገንዘብ የወጣበት ሽግግር በሰው እጅ መከናወኑ ነው።

ያን ዕለት መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተጻፈለትን ትእዛዝ በትክክል ፈጽሟል። ጥያቄው ትእዛዙ ምን እንዲመለከት ተደርጎ የተሠራ ነው የሚለው ነው።

ትእዛዙ የሚያየውና የማያየው

በቅድሚያ ስለ አጻጻፍ አንድ ማሳሰቢያ፦ ትእዛዞቹ በራውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ሲሆን እዚህ በአነባበባቸው ቀርበዋል። ለምሳሌነት የተጠቀሱት የአይፒ አድራሻዎች ለሰነድ ማስረጃ ተብለው ከተመደቡት ክልሎች የተወሰዱ ናቸው።

በሲስኮ ራውተሮች ላይ «ባክአፕ ኢንተርፌስ» የተባለው ትእዛዝ በዋናው ኢንተርፌስ ሥር ይጻፋል፤ ከትእዛዙ ቀጥሎ የመጠባበቂያው ኢንተርፌስ ስም ይከተላል። ትእዛዙ እንደ ተጻፈ መጠባበቂያው «ስታንድባይ» ወደሚባል ሁኔታ ይገባል፤ ፓኬት አይልክም፣ አይቀበልም፣ በእርሱ የሚያልፍ መንገድም በራውቲንግ ሰንጠረዡ ውስጥ አይገባም። የዋናው ኢንተርፌስ የመስመር ፕሮቶኮል ሲወድቅ ራውተሩ መጠባበቂያውን ያነሣል፤ ዋናው ሲመለስ መልሶ ያስተኛዋል። «ባክአፕ ዲሌይ» የሚለው ተጓዳኝ ትእዛዝ ሁለት ቁጥሮችን ይቀበላል፤ የመጀመሪያው ዋናው ከወደቀ በኋላ መጠባበቂያውን ለማንሣት፣ ሁለተኛው ዋናው ከተመለሰ በኋላ መጠባበቂያውን ለማውረድ የሚጠበቀው ጊዜ በሰከንድ ነው። ካልተጻፈ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ዋናው መስመር ሲጨናነቅ መጠባበቂያውን ለእርዳታ የሚያነሣ «ባክአፕ ሎድ» የሚባል ትእዛዝም አለ፤ ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን አያስፈልገንም።

የዚህ ትእዛዝ ባሕርይ የሚገባን የተወለደበትን ዘመን ስናስታውስ ነው። በዚያን ጊዜ ዋናው መስመር ሁለት ራውተሮችን በቀጥታ የሚያገናኝ የኪራይ ሲሪያል መስመር ነበር። በኤችዲኤልሲ ፕሮቶኮል ሁለቱ ራውተሮች በተለመደው አወቃቀር በየ10 ሰከንዱ የመኖር ምልክት ይለዋወጣሉ፤ ምልክቱ በተከታታይ ሲጠፋ የመስመር ፕሮቶኮሉ ይወድቃል። ስለዚህ «አፕ» የሚለው ቃል እውነተኛ ምስክርነት ነበረው፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ራውተር በሕይወት አለ ማለት ነበር። መጠባበቂያው ደግሞ በአብዛኛው በጥሪ ጊዜ ልክ የሚከፈልበት የአይኤስዲኤን መስመር ስለነበር ሥራ በሌለው ጊዜ ማስተኛቱ ገንዘብ ማዳን ነበር። ሁለቱም ግምቶች በዘመናቸው ትክክል ነበሩ።

የመጀመሪያውን ግምት አስቀድሞ ያናጋው ፍሬም ሪሌይ ነው። ራውተሩ ምልክት የሚለዋወጠው ከአገልግሎት ሰጪው የቅርብ ስዊች ጋር በመሆኑ፣ ከስዊቹ ወዲያ ያለው ምናባዊ መስመር ቢቋረጥም ዋናው ኢንተርፌስ «አፕ» እንዳለ ይቆያል። ባለሙያዎች ትእዛዙን ከዋናው ኢንተርፌስ አንሥተው ከነጥብ ወደ ነጥብ በሚሠራ ንዑስ ኢንተርፌስ ሥር መጻፍ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ኢተርኔት ሲመጣ ነገሩ ከዚህም የባሰ ሆነ። የኢተርኔት ኢንተርፌስ «አፕ» መሆን የሚመሰክረው በዚያው ገመድ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው መሣሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው ብቻ ነው። ያ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሚዲያ ኮንቨርተር ወይም የአገልግሎት ሰጪው ትንሽ ስዊች ነው። የሲስኮ ራውተር በኢተርኔት ላይ የሚልከው የመኖር ምልክትም ቢሆን ለራሱ የተላከ ፍሬም በመሆኑ ስለ ወዲያኛው ጫፍ የሚናገረው ነገር የለም። በእኛ ቅርንጫፍ የሆነውም ይኸው ነው፤ ፋይበሩ ከሕንፃው ውጭ ተቆርጧል፣ ኮንቨርተሩ ግን መብራቱን እያበራ ነበር።

በፋይበሩ በኩል የደረሰን ብልሽት ወደ መዳብ ገመዱ የሚያሳልፉ ኮንቨርተሮች መኖራቸው እውነት ነው፤ ያን ዕለት በእኛ ቦታ ቢኖር ኖሮ ገንዘብ ያዧን ባላስቸገርን ነበር። ሆኖም የሚያድኑን ከኮንቨርተሩ እስከ ቀጣዩ የፋይበር ጫፍ ላለው ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ስዊች፣ የዋናው ከተማ ማዕከል፣ የዋና መሥሪያ ቤቱ የራሱ መግቢያ መስመር ሁሉ ከእይታቸው ውጭ ነው።

ስለ ክብደቱ ቀላል ስሌት

ጉዳዩ የአንድ ቅርንጫፍ ገጠመኝ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት አጭር ስሌት እናቅርብ። «ዋ» ዋናው መስመር የማይሠራበት የጊዜ ድርሻ፣ «መ» መጠባበቂያው የማይሠራበት የጊዜ ድርሻ፣ «ሽ» ደግሞ ዋናው ሲወድቅ ሽግግሩ በእርግጥ የመከናወን ዕድል ይሁን። ሁለቱ መስመሮች እርስ በርስ ነጻ ናቸው ብለን ከተነሣን፣ ቅርንጫፉ ያለ አገልግሎት የሚቆይበት የጊዜ ድርሻ እንደሚከተለው ይሆናል፦

ዋ × [ (ሽ × መ) + (1 − ሽ) ]

ለምሳሌ ያህል ብቻ (የተለኩ ቁጥሮች አይደሉም) ዋ = 0.01፣ መ = 0.02 ብለን እንውሰድ። መጠባበቂያ ጭራሽ ባይኖር ቅርንጫፉ በዓመት ካሉት 8760 ሰዓቶች 87.6ቱን ያለ አገልግሎት ያሳልፋል። ሽግግሩ ፍጹም ከሆነ፣ ማለትም ሽ = 1 ከሆነ፣ ይህ ወደ 1.75 ሰዓት ይወርዳል፤ የመጠባበቂያ መስመር ሻጮች የሚያቀርቡልን ቁጥር ይህ ነው። ከአምስት ብልሽቶች አንዱ ሳይታይ የሚያልፍ ከሆነ ግን፣ ማለትም ሽ = 0.8 ከሆነ፣ ውጤቱ ወደ 18.9 ሰዓት ያድጋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ንጽጽር ይበልጥ አስተማሪ ይመስለኛል። ሽ በ0.8 ላይ እንዳለ መጠባበቂያውን ፈጽሞ በማይቋረጥ መስመር ብንተካው፣ መ ዜሮ ቢሆን ማለት ነው፣ የምናተርፈው 1.4 ሰዓት ብቻ ነው፤ 17.5 ሰዓት ይቀራል። በአንጻሩ መጠባበቂያውን እንደ ነበረ ትተን ሽን ከ0.8 ወደ 0.98 ብናሳድገው ውጤቱ 3.5 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው አማራጭ የግዢ ሂደትና ዓመታዊ ክፍያ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው በራውተሩ ላይ ጥቂት መስመሮችን መጻፍ ነው።

«ነጻ ናቸው» የሚለው ግምት ራሱ ጥያቄ አያጣም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ዋናውን መስመር ከኢትዮ ቴሌኮም፣ መጠባበቂያውን ከሌላ ኦፕሬተር ማድረግ በአገራችን የሚቻል ሆኗል፤ ይህም በጎ ነገር ነው። ነገር ግን የሁለት ድርጅቶች ስም ብቻውን የሁለት ጉድጓድ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የሞባይል ማማው ከማዕከሉ ጋር የሚገናኝበት ፋይበር በየት እንደሚያልፍ መጠየቅ ይገባል። ከዚያም የቀረበ ጠላት አለ፦ ሁለቱም መስመሮች የተሰኩበት ያው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ።

በምርመራ ላይ የተመሠረተ አወቃቀር

አማራጩ አወቃቀር ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው መንገዱን ያለማቋረጥ የሚፈትን ምርመራ ነው፤ በሲስኮ «አይፒ ኤስኤልኤ»፣ በሁዋዌ «ኤንኪውኤ» ይባላል። ሁለተኛው በተለምዶ ተንሳፋፊ የሚባለው ስታቲክ ራውት ነው፤ ማለትም የተሻለ መንገድ እስካለ ድረስ ከሰንጠረዡ ውጭ ሆኖ የሚጠብቅ፣ የተሻለው ሲጠፋ ብቅ የሚል መንገድ።

በሲስኮ ራውተር ላይ አሠራሩ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ወደ ተመረጠ አድራሻ፣ 203.0.113.10 እንበል፣ በየ5 ሰከንዱ «አይሲኤምፒ ኤኮ» የሚልክ ምርመራ ይጻፋል፤ መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ 2000 ሚሊ ሰከንድ ይደረጋል፤ ምርመራውም ወዲያው እንዲጀምርና እንዳያቆም ይታዘዛል። ይህን የመጨረሻ ትእዛዝ መርሳት የተለመደ ነው፤ የተጻፈ ነገር ግን ያልተጀመረ ምርመራ ምንም አይመረምርም። ቀጥሎ ያንን ምርመራ የሚከታተል «ትራክ» የሚባል ነገር ይፈጠራል። ከዚያ በዋናው መስመር በኩል በ192.0.2.1 የሚወጣው ዲፎልት ራውት ከትራኩ ጋር ይታሰራል። በመጨረሻ በሞባይሉ ኢንተርፌስ የሚወጣ ሁለተኛ ዲፎልት ራውት በአድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ 200 ይጻፋል። ምርመራው ሲወድቅ ትራኩ ይወድቃል፣ የታሰረበት ራውት ከሰንጠረዡ ይወጣል፣ ባለ 200ውም ቦታውን ይይዛል።

በዚህ አወቃቀር «ባክአፕ ኢንተርፌስ» የሚለው ትእዛዝ አይጻፍም። የሞባይሉ ኢንተርፌስ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የቀረው መንገድ መምረጥ ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ከአምራች አምራች እንደሚለያዩ ማስታወስ ይገባል። በሲስኮ የስታቲክ ራውት የተለመደ ዲስታንስ 1 ሲሆን በሁዋዌ 60 ነው፤ የኦኤስፒኤፍ በሲስኮ 110፣ በሁዋዌ 10 ነው። ከአንዱ መሣሪያ የተቀዳ አወቃቀር በሌላው ላይ እንዳለ ሲጻፍ መጠባበቂያው ከዋናው ቀድሞ ሊመረጥ ይችላል፤ የሁለቱ አምራቾች መሣሪያዎች ጎን ለጎን በሚሠሩባቸው የአገራችን ተቋማት ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ምርመራው ራሱን ሲያታልል

የዚህ አወቃቀር ትልቁ ወጥመድ ምርመራው የሚሄድበት መንገድ ነው። ምርመራውን የሚልከው ራውተሩ ራሱ ነው፤ ፓኬቱም እንደማንኛውም ፓኬት የራውቲንግ ሰንጠረዡን ይከተላል። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ምርመራው ይወድቃል፣ ዲፎልት ራውቱም ወደ ሞባይሉ ይዞራል። ቀጣዩ የምርመራ ፓኬት ታዲያ በሞባይሉ በኩል ወጥቶ መልስ ያገኛል! ራውተሩ ዋናው መስመር ዳነ ብሎ ያምናል፤ ወደ ሞተው መስመር ይመለሳል፤ ምርመራው እንደገና ይወድቃል። ቅርንጫፉ በየጥቂት ሰከንዱ የሚበራና የሚጠፋ አገልግሎት ያገኛል፤ ይህም ለተጠቃሚው ፈጽሞ ከመቋረጥ የከፋ ነው፣ ለመርማሪ ባለሙያም ይበልጥ ግራ ያጋባል።

ብዙዎች ለዚህ መፍትሔ አድርገው የሚወስዱት በምርመራው ውስጥ የመነሻውን ኢንተርፌስ መጥቀስ ነው። ይህ ግን በቂ አይደለም፤ መነሻውን መጥቀስ ፓኬቱ የሚይዘውን የላኪ አድራሻ ይወስናል እንጂ የሚወጣበትን በር አይመርጥም። የሚሠራው መፍትሔ ለምርመራው መዳረሻ ብቻ የተለየ ስታቲክ ራውት መጻፍ ነው፦ ወደ 203.0.113.10 የሚወስደው መንገድ ምንጊዜም በ192.0.2.1 በኩል ብቻ ይሁን። ዋናው ኢንተርፌስ ራሱ ሲወድቅ ግን ይህም ራውት ከሰንጠረዡ ይወጣል፤ ምርመራው ያን ጊዜ በሞባይሉ እንዳይወጣ ለዚያው አድራሻ በዲስታንስ 250 ወደ «ነል ዜሮ» የሚወስድ ሁለተኛ ራውት መጨመር ይበጃል።

የምርመራው መዳረሻ ማን ይሁን? ቀጣዩን የአገልግሎት ሰጪ ራውተር መምረጥ ቀላል ነው፤ የሚያረጋግጠው ግን የመንገዱን የመጀመሪያ እርምጃ ብቻ ነው። ሌላው የተለመደ ምርጫ የጉግልን 8.8.8.8 አድራሻ መጠቀም ነው፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አንደኛ፣ ቅርንጫፉ የሚፈልገው ዋና መሥሪያ ቤቱን እንጂ ጉግልን አይደለም። ሁለተኛውና ብዙም የማይታሰበው ምክንያት ከላይ የጻፍነው የተለየ ራውት ነው። ወደ 8.8.8.8 የሚወስደውን መንገድ ከዋናው መስመር ጋር ስናስረው፣ ያንን አድራሻ ለዲኤንኤስ የሚጠቀሙ የቅርንጫፉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ አብረው ይታሰራሉ። ሽግግሩ በትክክል ይከናወናል፣ መጠባበቂያው ይሠራል፣ ነገር ግን ስም የሚፈታላቸው ስለሌለ አንድም ድረ ገጽ አይከፈትም። የተሻለው መንገድ በዋና መሥሪያ ቤቱ ራውተር ላይ ለምርመራ ብቻ የሚያገለግል፣ ሌላ ማንም የማይጠቀምበት የሉፕባክ አድራሻ መመደብ ነው። ያ አንድ ራውተር ለጥገና ሲቆም ቅርንጫፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳይሸጋገሩም ሁለት መዳረሻዎችን መርጦ ትራኩ የሚወድቀው ሁለቱም ሲጠፉ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል።

የጊዜ ምርጫ

የሲስኮው ምርመራ ካልተቀየረ በየ60 ሰከንዱ ይላካል፣ መልስ የሚጠብቀውም 5 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ብልሽቱ ከመታወቁ በፊት እስከ 65 ሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። ከላይ በጠቀስናቸው 5 ሰከንድና 2 ሰከንድ ይህ ወደ 7 ሰከንድ ይወርዳል። ሆኖም አንድ ፓኬት በመጥፋቱ ብቻ መሸጋገር ችኮላ ነው። ለትራኩ የ15 ሰከንድ የመውረጃ መዘግየት ብንሰጠው፣ ብልሽቱ ከአንድ የተሳካ ምርመራ ቀጥሎ ወዲያው ቢደርስ ሽግግሩ በ22ኛው ሰከንድ ገደማ ይከናወናል፤ እስከዚያም አራት ተከታታይ ፓኬቶች መልስ ማጣት አለባቸው። ራውተሩ የምርመራውን ውጤት የሚያነብበት ጊዜ በዚህ ላይ ጥቂት ሰከንዶች ሊጨምር ይችላል። ለድምፅ ጥሪ ይህ ረጅም ነው፤ ለሒሳብ መዝገብ ሥራ ግን የሚያስከፋ አይመስለኝም። ከሰከንድ በታች የሆነ ፍጥነት የሚፈልግ ቢኤፍዲ የተባለውን ፕሮቶኮል መመልከት አለበት፤ ቢኤፍዲ ግን በሁለቱም ጫፍ ስምምነት ይጠይቃል።

የመመለሻው መዘግየት ከመውረጃው በእጅጉ ሊረዝም ይገባል። የተቆረጠ ፋይበር ሲጠገን መስመሩ ለጥቂት ሰከንዶች መጥቶ መልሶ ሊሄድ ይችላል፤ ቴክኒሻኑ ገና እጁን አላነሣም። እኔ 180 ሰከንድ እመርጣለሁ። የዚህ ዋጋ ተጨማሪ ሦስት ደቂቃ የሞባይል ዳታ ብቻ ነው።

መጠባበቂያው ሳይታወቅ ሲሞት

በዚያው ቅርንጫፍ ሌላም ነገር ደርሶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዋናው መስመር ሲቋረጥ ሽግግሩ ተከናወነ፣ መጠባበቂያው ግን ዝም አለ። ምክንያቱ የሲም ካርዱ የዳታ ጥቅል ማለቁ ነበር። መቼ እንዳለቀ ማንም አያውቅም፤ በ«ስታንድባይ» ያለ ኢንተርፌስ አይጠየቅም፣ አይመልስምም።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ መጠባበቂያ በዓመት ሁለት ጊዜ በዝምታ ይበላሻል እንበል፤ የሚፈተነውም በወር አንድ ጊዜ ነው። ብልሽቱ ሳይታወቅ የሚቆየው በአማካይ የወሩን እኩሌታ፣ 15 ቀን ነው፤ በዓመት 30 ቀን፣ ማለትም የዓመቱ 8.2 በመቶ። ያው መስመር ያለማቋረጥ ቢመረመርና በታወቀ በአንድ ቀን ቢጠገን ድርሻው ወደ 0.55 በመቶ ይወርዳል። በቀደመው ስሌት ውስጥ «መ» ብለን የወሰድነው ቁጥር ስለዚህ የመስመሩ ባሕርይ ብቻ አይደለም፤ ስለ መስመሩ ያለን እውቀትም አለበት።

መፍትሔው ሁለተኛ ምርመራ መጻፍ ነው፤ በሞባይሉ ኢንተርፌስ ብቻ እንዲወጣ ወደ ሌላ መዳረሻ የታሰረ፣ በየደቂቃው የሚላክ። ይህ ምርመራ ራውት አይቀይርም፤ ሲወድቅ ለኔትወርክ ክፍሉ መልእክት መላክ ብቻ ነው ሥራው። ዳታ ይበላል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የአንዱ የምርመራ ፓኬት መጠን መልሱን ጨምሮ ከ150 ባይት ባይበልጥ በወር 43,200 ምርመራዎች 6.5 ሜጋ ባይት ገደማ ናቸው። ይህ ለማንኛውም የዳታ ጥቅል ሸክም አይሆንም።

ሌላው ጫፍ

እስካሁን ያየነው ከቅርንጫፉ የሚወጣውን ትራፊክ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ ቅርንጫፉ የሚወስደው ራውት በዋናው መስመር ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ጥያቄው በሞባይል ይሄዳል፣ መልሱ በተቆረጠው ፋይበር ይጠፋል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ምርመራ መኖር አለበት፣ ወይም በሁለቱም መስመሮች ላይ በተዘረጉ ቶኔሎች ውስጥ እንደ ኦኤስፒኤፍ ወይም ቢጂፒ ያለ ዳይናሚክ ራውቲንግ ሊሠራ ይገባል። ቅርንጫፎቹ ከአምስት ስድስት ከበለጡ ሁለተኛውን እመክራለሁ። የሞባይል ኦፕሬተሮች ብዙውን ጊዜ ለደንበኛ ከውጭ የማይደረስበት የግል አድራሻ ስለሚሰጡ፣ ቶኔሉን መጀመር ያለበት ቅርንጫፉ ነው።

ቅርንጫፉ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣ ከሆነ ናት የሚባለው የአድራሻ ለውጥ ሠንጠረዥም ትኩረት ይሻል። በሲስኮ ራውተር ላይ የቲሲፒ ግንኙነት ትርጉም ካልተቀየረ ለ24 ሰዓት ይቆያል። ከሽግግሩ በፊት የተከፈቱ ግንኙነቶች የአሮጌውን መስመር አድራሻ ይዘው በአዲሱ መስመር ለመውጣት ይሞክራሉ። ትራኩ ሲለወጥ ሰንጠረዡን የሚያጸዳ አጭር «ኢቨንት ማኔጀር» ትእዛዝ መጻፍ ይህን ይፈታል።

«ፒንግ ይሠራል፣ ሲስተሙ ግን አይከፈትም» የሚለው ስሞታ ደግሞ ሌላ ምንጭ አለው። በሞባይል መስመር ላይ የተዘረጋ የተመሰጠረ ቶኔል ለፓኬቱ የሚተርፈውን ቦታ ያጠብበዋል፤ ትንሹ የፒንግ ፓኬት ያልፋል፣ ትልቁ ይወድቃል። በቶኔሉ ላይ የቲሲፒን የክፍልፋይ መጠን ወደ 1360 ባይት ዝቅ ማድረግ የተለመደው መድኃኒት ነው። ከላይ የተገለጸው ምርመራም በትንሽ ፓኬት የሚሠራ በመሆኑ ይህን ዓይነት ብልሽት አያይም፤ የምርመራውን ፓኬት ማሳደግ ይቻላል፣ ዳታ የሚቆጠርበት መስመር ላይ ግን ስሌቱ እንደገና መሠራት አለበት።

ስለ ፈተና

በርክክቡ ዕለት ያየነው ትርኢት፣ ገመዱን ከራውተሩ ነቅሎ መጠባበቂያው ሲነሣ ማሳየት፣ የሚፈትነው በጣም ቀላሉንና ምናልባትም በጣም ብርቁን ብልሽት ነው። ገመድ ከራውተር የሚነቅለው ብዙውን ጊዜ ባለሙያ ነው፤ ማሽን የሚቆርጠው ከመንገድ ዳር ነው። ይህን በቤተ ሙከራ ለመድገም ሁለት ራውተሮችና በመካከላቸው አንድ ስዊች ይበቃሉ፦ ገመዱን ከስዊቹ ወዲያ ነቅሎ የወዲህኛውን ራውተር ኢንተርፌስ ማየት። ያለ ምርመራ «አፕ» እንዳለ ይቀራል።

ስለዚህ የርክክብ ቅጹ ቢያንስ ሦስት ፈተናዎችን ሊይዝ ይገባል። አንደኛው ፋይበሩን ከሚዲያ ኮንቨርተሩ የውጭ ጎን መንቀል ነው፤ የራውተሩ ገመድ አይነካም። ሁለተኛው ምንም ሳይነቀል በዋና መሥሪያ ቤቱ ራውተር ላይ ከዚያ ቅርንጫፍ በዋናው መስመር የሚመጣውን ትራፊክ ሁሉ ለአሥር ደቂቃ በአክሰስ ሊስት መዝጋት ነው፤ በዚህ ጊዜ የምርመራው ፓኬት ብቻ ሳይሆን ትክክለኛው የሥራ ሲስተም ተከፍቶ አንድ ሙሉ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊሠራበት ይገባል፤ ትራፊኩ ሲከፈትም ራውተሩ ከ180ኛው ሰከንድ በፊት አለመመለሱ ይታያል። ሦስተኛው የሲም ካርዱን ማውጣትና የኔትወርክ ክፍሉ ስልክ መቼ እንደሚጮህ ሰዓት ይዞ መጠበቅ ነው። እነዚህ ፈተናዎች ቢሮው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማለዳ ላይ ቢደረጉ ተገልጋይ አይጉላላም፤ ፈራሚውም መፈረም ያለበት ሦስተኛው ፈተና ካለቀ በኋላ ነው።